በትኩሱ የታሸገ ዱቄት

ይህን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን ዘልዬ አልፋታለሁ። አንባቢዬ፣ ላንተ የምነግርህ ፊትህን ስለማላየው ነው፤ ፈሪ ነኝ።

መርካቶ፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ፣ የሕፃናት ምጥን ዱቄት በምታዘጋጅ ትንሽ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። እህሉን አጥበው ጣሪያ ላይ የሚያሰጡት እትዬ ዘሀራ የሚባሉ የወሎ ሴት ነበሩ። ስንዴውንም ሽምብራውንም በጥርሳቸው ይሞክሩታል፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረላቸው ለቆላዮቹ አያሳልፉም። ከዚያ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ወደ እኔ ይመጣል። የእኔ ሥራ ከወፍጮ የወጣውን ትኩስ ዱቄት ሸራ ላይ በትኖ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነበር። በትኩሱ ከታሸገ ያልበዋል፤ ላቡ ፌስታሉ ውስጥ ውኃ ይሆንና ይሻግታል። አላውቅም ነበር ልል እችላለሁ? ለአዲስ ሠራተኛ ይህን የማስተምረው እኔ ነበርኩ።

አንድ የክረምት ቀን ጭነቱን የሚወስደው አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ያስጮሃል። መንገዱን ስለዘጋባቸው ተሸካሚዎቹ ይሳደባሉ። ዱቄቱ ገና እጅ ያቃጥላል። "አሽጉት" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ጩኸቱ ሰለቸኝና ቤቴ መሄድ ፈለግሁ፣ ይኸው ነው።

ዱቄቱ ጓጉሎ፣ ሽታው ተቀይሮ ተመለሰ። አንዲት እናት ልጇን በትውከትና በተቅማጥ ሆስፒታል አስተኝታ፣ የተረፈውን ይዛ መጣች። ልጁ ተርፏል። ሌሎች ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም አለማወቄ ነው።

የፋብሪካው ባለቤት ጋሽ ከድር ሰበሰቡን። "እህሉ ሳይደርቅ ነው የተፈጨው። ማነው ያደረቀው?" አሉ። ሁሉም ወደ እትዬ ዘሀራ ዞረ። እኔም ዞርኩ። አፌን ብከፍት ምን እሆን ነበር? ሥራዬን አጣ ነበር፣ ሌላ ምን?

እትዬ ዘሀራ እጃቸውን እያዩ፣ "ዝናብ ነበር... ጥርሴም አርጅቶ ይሆናል" አሉ። አልተከራከሩም። የእኔን ጥፋት ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። በማግስቱ ተሰናበቱ፣ እኔ ማሸጌን ቀጠልኩ።

ባለፈው ሳምንት ጭድ ተራ፣ የልጃቸው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል። ሰላምታችን ሳያልቅ ስለዚያ ልጅ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ለልጅ ልጆቻቸው እንኳን አንድም ነገር በእጃቸው አዘጋጅተው እንደማያውቁ፣ በየሶላታቸው ለልጁ ዱዓ እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም አወጣሁት፤ አይሱዙውን፣ ትኩሱን ዱቄት፣ ዝምታዬን። "የእርስዎ እህል ደርቆ ነበር" አልኳቸው። አለቀስኩ።

እጄን ያዙኝ። "አይ ልጄ፣ እኔን ለማጽናናት ብለህ ነው። አላህ ይስጥህ" አሉ። ማልኩላቸው። ፈገግ ብለው ራሴን ዳበሱኝ፣ መረቁኝም።

ደግ ሰው መስያቸው ነው የመረቁኝ። መናገር በነበረብኝ ቀን ዝም ብዬ፣ አሁን ማን ይመነኝ? ይቅር በለኝ አልልህም፤ ምን አፍ አለኝ? አንተ ግን እመነኝ። በጭድ ተራ ካለፍክ ደግሞ፣ ለእትዬ ዘሀራ እህላቸው ደርቆ እንደነበር ንገርልኝ።