ኡሙሃኒ ብቻዋን የዋጠችው

ቆቦ ከአስፋልቱ ዳር ጎሚስታ ነኝ። ከበሬ ፊት ለፊት ኡሙሃኒ ሽንኩርትና ማንጎ ትሸጣለች። የማወራላችሁ ስለምወዳት ነው፤ ሳታናድደኝ የዋለችበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ኡሙሃኒ ብቻዋን መብላት አይሆንላትም። አንድ ማንጎ ስትልጥ መንገደኛውን ሁሉ ትጣራለች። የሚኒባስ ሹፌር እንኳ ሳታጎርሰው አያልፍም፤ ተሳፋሪው ከኋላ እየጮኸ እሱ ያላምጣል። «ብቻውን የሚበላ ሰው አያንቀውም?» ትለኛለች። እኔ ብቻዬን ስበላ አንቆኝ አያውቅም፤ ግን እሷን ተከራክሮ የረታ የለም።

አምና ከዋጃ ገበያ ስትመለስ የግራር እሾህ ተረከዟን ወጋት። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ሀናን እንክብል ሰጥታ፣ «እትዬ ኡሙሃኒ፣ ቢሻልዎትም እስኪያልቅ ይውሰዱ» ብላ ሸኘቻት።

በወጉ መዋጧን እንጃ። ጎረቤታችን አራጌ ጥርሱን ይዞ መጣ፤ አካፈለችው። ሌላዋ ጎረቤታችን የሻረግ ሳል ይዟት ነበር፤ ለእሷም ደረሳት። ፍየሏ ስታነክስ ደግሞ እንክብሉን ከፍታ ዱቄቱን በውሃ በጥብጣ ጋተቻት። እኔንም «ወገቤን ትል አልነበር? እንካ» አለችኝ። ተቆጥቼ እምቢ ስላት ተቀየመችኝ።

ቁስሉ ጥቂት ሻር ብሎ እንደገና ተነሳ። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፤ በባጃጅ ጭኜ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት አዘዘላትና፣ ይህም ካልመለሰው እግሩ ሊቆረጥ እንደሚችል ፊት ለፊት ነገራት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው ገበያ ለገበያ በዚያው እግር እየዞረች ነው። ስንመለስ በመንገዱ ላይ ማንንም አልተጣራችም። የእውነት የፈራሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ ሀናን ቁስሉን ልታጥብ ቤቷ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ። እንክብሎቹ የት የት እንደገቡ እየሰማች ፋሻ ስትቆርጥ ቆየችና፣ ወሬው ፍየሏ ጋ ሲደርስ መቀሷን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ቁስልዎ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ዙሪያቸውን ግድግዳ አላቸው። የዚያ እንክብል ሥራ ግድግዳውን በደንብ እንዳይሠሩ ማድረግ ነው። እነሱ ደግሞ እዚያው ድንበሩ ላይ ዘብ አላቸው። ግድግዳው ሲላላ ዘቡ ያውቃል፤ ወዲያው ወደ ውስጥ መልእክት ይልካል። ያኔ ግድግዳቸውን ይጠግናሉ፤ መድኃኒቱን የሚቆራርጥ መሣሪያ የሚያወጡም አሉ። ሳያቋርጥ ከመጣባቸው ብዙዎቹ አይችሉትም። እርስዎ ግን እየቆነጠሩ ላኩባቸው።»

ኡሙሃኒ አሰብ አደረገች። «እንደኛ ጎርፍ ነዋ! ደጋው ሲዘንብ ወንዙ ዳር ያለው ሰው ይጮሃል፤ አገሩ አካፋ ይዞ ወጥቶ ክትሩን ያጠብቃል።»

«አዎ። ጎርፉ ትንሽ ከሆነስ?»

«ክትራችንን አጠንክረን በሰላም እንገባለና!» ፊቷ በራ። «አቤት ጉብዝና! እነሱም እንደኛ ራያ ናቸው በይኛ።»

«አንቺ ሴትዮ!» ብዬ ጮህኩ። «እግርሽን እየበሉ ታደንቂያቸዋለሽ?»

«ተረከዜ ላይ አድገው የአገሩን ሙያ ቢማሩ ምን ላድርግ?» አለች። ከዚያ ያበጠ እግሯን አየችው፤ ሳቋም ጠፋ። «ወላሂ ግን እግሬን አልሰጣቸውም።»

አዲሱን መድኃኒት ለመዋጥ በሯን መዝጋት ጀመረች። የኡሙሃኒ በር በጠራራ ፀሐይ ሲዘጋ ሰፈሩ ጉድ አለ። የሻረግ ሞተች እንዴ ብላ እየሮጠች መጣች። አንድ ቀን ውሃ ላቀብላት ገብቼ ሳለ ደግሞ አራጌ ጉንጩ አብጦ በሩን አንኳኳ።

«ኡሙ፣ ከዚያ እንክብል እስቲ ጣል አድርጊልኝ።»

«የለኝም!»

«ኧረ ግማሿም ትበቃኛለች።»

«አራጌ፣ እያለኝ ነው የምከለክልህ! ብቻዬን ነው የምበላው!»

ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እንክብሉን ዋጠችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እግሯን ያመማት መስሎኝ ደነገጥኩ። «እግሬስ ይሻለዋል» አለችኝ፤ «ሰው ከደጄ ባዶ እጁን ሲመለስ ሰምተህ ታውቃለህ?» የምቆጣበት ነገር ፈልጌ አጣሁ። አራጌን ተከትዬ ሄጄ ሀናን ዘንድ ወሰድኩት፤ ጥርሱም ተነቀለ።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ኡሙሃኒ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ የማሽላ ገንፎ በቅቤ አቀረበች። ከመብላታችን በፊት ባዶውን የእንክብል ካርቶን አወጣችና ለሁላችንም አሳየችን።

«ይህን ብቻዬን በላሁት። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

አራጌ ያንን ባዶ ድዱን አሳይቶ ሳቀ። «አውፍ ብያለሁ። ለፍየሏም ስላልሰጠሻት ነው እንጂ አልምርሽም ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የሻረግ የእጅ ውሃ ላምጣ ብላ ስትነሳ ኡሙሃኒ በዓይኗ አስቀመጠቻት። ግድግዳውን ሳትደገፍ ብድግ አለች፤ በሁለት እግሯ ወደ ጓዳ ሄደች፤ ማስታጠቢያውን ይዛ ተመለሰች። እስክትመለስ ሁላችንም ተረከዟን ነበር የምናየው።