«ዘጠኝን ተጫን» ያለችው ልብስ ተኳሽ

እትዬ እንፋሎት ይቅር አለች አሉ። ወሬው ከካፌው በረንዳ ተነስቶ፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ሦስት ሰፈር ዞሮ ተመለሰ፤ ሲመለስም ወፍሮ ነበር። አማቷ እግሯ ላይ ወድቀው አለቀሱ፤ እሷም አለቀሰች፤ እንባቸው የላውንደሪውን ወለል አጥለቅልቆ አንድ ካልሲ ይዞ በበር ወጣ። ለዋርሳዋ፣ ማለትም ለባሏ ታናሽ ወንድም ስትል ሦስተኛውን ዘፈኗን ቀበረችው። ጫማ ሰፊው «በእነዚህ ዓይኖቼ!» ብሎ ማለ። ጫማ ሰፊው ደግሞ ከመነጽሩ ወዲያ ያለውን ነገር ሁሉ በእምነት ነው የሚቀበለው።

የሚያውቃት ሰው ግን ይጠራጠራል። ይቅርታ? እሷ? ሃያ ዓመት ልብስ ስትተኩስ የኖረች፣ ቅጽል ስሟን እንኳ ከካውያው ያገኘች ሴት ናት። ሌላው ሲናደድ ይጮኻል፤ እሷ ትተኩሳለች። በንዴት የተኮሰችው ኮሌታ ሽንኩርት ይከትፋል። ከሰባት ዓመት በፊት ሰላምታዋን ያልመለሰላት የባንክ ሠራተኛ እስከ ዛሬ ሱሪው የፊት መስመሩ ሁለት ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ምስኪኑ ጥፋቱ የጨርቁ መስሎት አራት ሱሪ ቀይሯል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የምሳ ሰዓት ነው። ማጠቢያ ማሽኑ ሲሽከረከር «ዱብ፣ ዱብ፣ ቅጭል» ይላል፤ ቅጭሉ የጂንስ ዚፕ ነው። ካውያው በየመሃሉ «ጭስስ!» ይላል። ሃያ ዓመት የሰማችው ድምፅ ያን ቀን ትከሻዋን ሳታዘው ነቅነቅ አደረገው። በስልኳ ቀዳችው። ነፃ የሙዚቃ መሥሪያ አፕ ጫነች፤ ቪዲዮ እያየች፣ በአንድ እጇ እየበላች፣ በሌላው እየቆረጠች እየቀጠለች ሦስት ሳምንት ፈጀች። በላዩ አንጎራጎረችበትና በገጿ ለቀቀችው። አሥራ አንድ ጊዜ ተደመጠ። ስድስቱ ራሷ ነበረች። አምስቱ ግን ሰው ነው! የዚያን ቀን ሸሚዙ ሁሉ እየሳቀ ወጣ።

እሁድ፣ በቤተሰብ ምሳ ላይ፣ ዋርሳዋ ስልኩን ከትልቁ ስፒከር ጋር አገናኘው። ይህ ሰው በየሰርጉ ኪቦርድ የሚጫወት ሲሆን «ማይስትሮ» የሚለውን ማዕረግ ራሱ ለራሱ ሰጥቶ፣ ራሱ አጨብጭቦ የተቀበለ ነው። ዘፈኑን ግማሽ ድረስ አሰማና አቋረጠው።

«እትዬ፣ ይሄማ ሙዚቃ አይደለም፤ የቧንቧ ብልሽት ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ጥሪበት!»

ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ። አማቷ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ባሏ እንኳ ሳል አስመስሎ ሳቀ። እሷ ሳህኖቹን ሰበሰበችና ልታጥብ ገባች፤ ሳህን የሚያጥብ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚቆም ፊቷን ያየ የለም። በልቧ ግን ቆርጣ ነበር፦ ይህ ሰው በዚሁ ሳሎን፣ በእነዚሁ ሰዎች ፊት፣ «ሙዚቃ ነው» ብሎ ቃሉን ይመልሳል። በውድም ሆነ በግድ።

በላውንደሪ ሕግ ልብስ ከመታጠቡ በፊት ኪሱ ይፈተሻል፤ የተገኘው ሁሉ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ስም ተጽፎበት ለባለቤቱ ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት ማይስትሮ የሚያብረቀርቅ የመድረክ ኮቱን አመጣ። ከውስጥ ኪሱ ፊትና ጀርባዋ የተጻፈባት አንዲት ወረቀት ወጣች፤ በገዛ እጅ ጽሑፉ። ከፊቷ እንዲህ ይላል፦

«ፈጣን ከሆነ፦ አራትን ተጫን። ለስላሳ ከሆነ፦ ሰባትን ተጫን። ሙሽሮች ሲገቡ፦ ዘጠኝን ተጫን፤ ዓይንህን ጨፍን፤ ጣትህን አንቀሳቅስ።»

ለካ የሚጫወተው ኪቦርዱ ራሱ ነው! ማይስትሮ አሥር ዓመት ሙሉ የነካው ቁጥር ብቻ፤ የቀረው ትከሻ ነበር።

እትዬ እንፋሎት ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከተተች፤ ስሙን ጻፈች፤ ከነኮቱ መለሰች። የሰው ኪስ አውርታ አታውቅም። «ወረቀቱን መልሻለሁ» አለችው ካውያውን፤ «ጭንቅላቴን ግን ማን ፖስታ ውስጥ ይከተዋል?» ካውያው «ጭስስ» ብሎ ተስማማ።

በዚያው ሳምንት ዘፈኑ ወጣ። ዱብ፣ ዱብ፣ ቅጭል፣ «ዘጠኝን ተጫን፣ ዓይንህን ጨፍን!»፣ ጭስስ! ስም አልጠራችም፤ የማይስትሮን ትከሻ ያየ ሁሉ ግን ለማን እንደተዘፈነ ገባው። ታክሲው ከፈተው፤ ጸጉር ቤቱ ከፈተው፤ የጥርስ ሐኪሙ በዜማው ሦስት ጥርስ ነቀለ፣ አንዱ ጤነኛ ነበር። ቅዳሜ ሙሽሮቹ ሲገቡ ማይስትሮ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሦስት መቶ እንግዳ በአንድ ድምፅ «ዘጠኝን ተጫን!» አለ። ደንግጦ ስምንትን ተጫነ። ሙሽራዋ በቀብር ዜማ ገባች።

ሰኞ ጠዋት ላውንደሪው በር ላይ ተገኘ።

«እትዬ፣ በወንድሜ ሞት፣ አጥፊው!»

«ወንድምህ ባሌ ነው፤ እሱን አትግደልብኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«እሁድ፣ እዚያው ሳሎን፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ ‹ሙዚቃ ነው› በል።»

«እሱንማ እንዴት ብዬ! እኔ እኮ ባለሙያ ነኝ።»

«እንግዲያው ቧንቧ ሠራተኛ ጥራ። የወረቀትህን ጀርባም አንብቤዋለሁ። እሁድ በዘፈን ይወጣል።»

ማይስትሮ ከታጠበ አንሶላ በላይ ነጣ።

እሁድ መጣ፤ ዘፈኑ ግን አልመጣም። ሰኞም የለም፤ ማክሰኞም የለም። አማቷ ላውንደሪው ሲገቡ ታዩ፤ እሷም ዓይኗን ስትጠርግ ታየች። የይቅርታው ወሬ የተወለደው ያኔ ነው። ማይስትሮ ደረቱን ነፍቶ ካፌ ገባና ለበረንዳው ሁሉ ሻይ አዘዘ።

ረቡዕ ጫማ ሰፊው አንድም መጨማደድ የሌለበት ሸሚዝ ይዞ ሊያጣራ ሄደ።

«እትዬ እንፋሎት፣ ይቅር አልሽ አሉ። ትልቅ ሰው ነሽ እኮ!»

ካውያውን አቆመችው።

«ማነው ይቅር ያለ? አማቴ እግሬ ላይ አልወደቁም፤ የመጡት መጋረጃ ሊያስተኩሱ ነው፤ ሲወጡ እንደውም ‹ዘጠኝን ተጫን› እያንጎራጎሩ ነበር። እኔም አላለቀስኩም፤ እንፋሎት ነው። ዘፈኑ የቀረው ደግሞ ሃያ ዓመት የሰው ኪስ ስፈትሽ ኖሬ የገዛ ጋዋኔን ሳልፈትሽ ከነስልኬ ስላጠብኩት ነው፤ በስልሳ ዲግሪ! አዲስ ስልክ ገዝቼ ከመጀመሪያው ሠርቼዋለሁ፤ አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ለቅቄዋለሁ። ሂድና ሻዩን ለጠጡት ሁሉ ንገራቸው፤ ይቅር አላልኩም።»