የገበጣው ሦስተኛ ረድፍ

ልጄ ዘሃራ ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ሻንጣዋን አልፈታችም። አልጋዋ ራስጌ እንደቆመ ነው፤ ልብስ ስትፈልግ ዚፑን ትከፍትና አውጥታ መልሳ ትዘጋዋለች። ስልክ ሲደወልላት ወደ ጓሮ ትወጣለች። ተመልሳ ለመሄድ ከደላላ ጋር እንደምታወራ አውቃለሁ፤ እናት ወሬውን ባትሰማ እንኳ የልጇን አኳኋን ታውቃለች። እዚያ ምን እንደገጠማት አልነገረችኝም። ጠይቄ ጠይቄ ተውኩት። «ደህና ነኝ እማ» ትላለች፤ ደህና የሆነ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ግድግዳ ሲያይ አይውልም።

በቀደም መካነ ሰላም ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ጣራችን አፈሰሰ። ዘሃራ ዕቃው እንዳይበሰብስ ከቆጥ ላይ ስታወርድ የድሮ ገበጣዬን አገኘችው። አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ጣቷን በጉድጓዶቹ ላይ እያስኬደች ቆይታ፣ «እማ፣ ሁለቱ ረድፍ ደህና ሆኖ ሳለ ይቺኛዋን ማነው እንዲህ ያጣመማት?» አለችኝ። ከመጣች ጀምሮ እኔን ስትጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ወላሂ፣ ድስቴን እሳት ላይ ረስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

አያትሽ ናቸው አልኳት፤ የአባትሽ አባት።

አባቷን ሰይድን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ያገባሁት ልጅ ሆኜ ነው። ገና የሙሽርነት ሽታዬ ሳይለቀኝ የሰይድ እናት አገራቸው ከላላ ሞቱ። ሰይድም ብቻቸውን አይከርሙም ብሎ አባቱን እምቢ እያሉ በበቅሎ አምጥቶ እኛ ቤት አስቀመጣቸው። ያኔ በእኛ ሰፈር ምራት ለባሏ አባት አትናገርም ነበር። ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ፣ ምግቡን አቅርባ፣ ጥግ ጥጉን ታልፋለች እንጂ ሽማግሌው የአፍ መፍቻ ሰጥተው «ተናገሪ» እስኪሏት ድምፅዋ አይሰማም። የአፍ መፍቻው ሻሽም ሊሆን ይችላል፣ ጥጃም ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሰዉ አቅም ነው። የሰይድ አባት ግን ሐዘን ላይ ነበሩና ያንን የሚያስቡበት ልብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሰይድ ወደ እህል ንግዱ ሲሄድ እኔና እሳቸው አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዲዳ ሆነን እንውላለን። እኔ ደግሞ ሳልናገር ከዋልኩ ራሴን የሚያመኝ ሰው ነኝ፤ የሚያውቀኝ ያውቃል።

ጠዋት ጠዋት ሰላታቸውን ይሰግዱና ከረጢታቸውን አንግተው፣ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። «ዛሬ እሄዳለሁ» ይላሉ። ሰይድም ክረምቱ ሲያልፍ አገርዎ አደርስዎታለሁ እያለ ለምኖ ይመልሳቸዋል። ወሩ ሐምሌ ነው፣ መንገዱ ጉልበት ድረስ ጭቃ ነው፣ ወንዙም ሞልቷል። በዚያው ክረምት ከገበያ ሲመለስ ከነአህያው ውሃ የወሰደው ሰው ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ሰይድ በሌለበት፣ እኔ ጓሮ ጎመን ስቀጥፍ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወጡ። ዘወር ስል መደቡ ባዶ ነው። ሮጥኩ። ከሩቅ አየኋቸው፣ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ልጥራቸው፣ አፌ የታሰረ ነው። ስማቸውን ምራት አትጠራም፤ «አባባ» እንኳ ለማለት አልተፈቀደልኝም። ያ አላህ፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ጭቃው ውስጥ እየወደቅኩ ቀደምኳቸውና መንገዱ መሐል ተገትሬ ቆምኩ። አዩኝ። እኔም አየኋቸው፣ ፊቴንም መሸፈን ረሳሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዱላቸውን አዙረው ወደ ቤት መመለስ ጀመሩ። እያለቀስኩ ተከተልኳቸው።

ሰይድ ሲመጣ እኚህ ሰው እዚህ የሚያቆማቸው ነገር ካላገኙ ወንዙ ይወስዳቸዋል፣ ምን ይወዱ ነበር ብዬ ያዝኩት። አሰበና እናቱና አባቱ ክረምቱን ገበጣ ሲጫወቱ ነበር የሚከርሙት አለኝ። እናቱ ሲሞቱ ግን አባቱ ገበጣውን ለጎረቤት ልጆች ሰጥተውት ነው የመጡ።

ለበር ታስቦ የተረፈ፣ ገበጣ የሚወጣው ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ነበረን። መሮና መጥረቢያ የወንድ ነው፤ ሴት እንጨት ስትፈለፍል ማንም አላየም። እሳት ግን የእኔ ነው። ፍሙን ሳንቃው ላይ አስቀምጥና በሸምበቆ እፍ እላለሁ፤ እንጨቱ ሲከስል በቢላ እፍቀዋለሁ፣ እንደገና ሌላ ፍም። እሳቱ ከጉድጓዱ እንዳያልፍ ዙሪያውን እርጥብ ጭቃ እለጥፍበታለሁ። ይህንንም ያወቅኩት አንዱን ጥግ አቃጥዬ ነው። ቤቱ የከሰለ ዋንዛ ሸተተ፣ ጣቶቼ ውሃ ቋጠሩ። ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ጭሱን አይታ ገባችና፣ ሙሽራዋ ቤቱን ልታነድደው ነው የሚለው ወሬ ገና የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ሳይደርስ ሰፈሩን አዳረሰ።

ሲያልቅ በኑግ አሸሁት። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ ልክ እንደ አባቴ ቤት ገበጣ። ሽማግሌው ለሰላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ሲወጡ ከወንዝ ዳር ከለቀምኩት ጠጠር ጋር መደባቸው ላይ አስቀመጥኩና ጓዳ ገብቼ በቀዳዳ ማየት ጀመርኩ። ተመለሱ። አዩት። በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞሩና፣

«ሦስተኛው የታል?» አሉ።

ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። የምራት ወግ አፌን ያዘኝ፣ የተቃጠለው ጣቴ ሕመም ግን ፈታልኝ።

«እኛ ቤት ሁለት ነው» አልኩ።

«እኛ ቤት ሦስት ነው» አሉ።

ለካ እሳቸው አገር ገበጣው ባለ ሦስት ረድፍ ኖሯል! ይህን ያህል ለፍቼ የሠራሁት የአባቴን ቤት ጨዋታ ነው። ብሽቅ ብዬ ወጣሁና ሳንቃውን ከፊታቸው አንስቼ ወደ ምድጃው ወሰድኩት። ደግነቱ በአንድ ወገን ጠርዙ ሰፋ ይል ነበር። ጭቃ ለጥፌ ፍሙን ሳስቀምጥ ዱላቸው ሲመጣ ሰማሁ። ሽማግሌ ሰው፣ ጓዳ፣ ምራቱ ምድጃ ዘንድ! በርጩማ ስበው ተቀመጡ፣ ሸምበቆውን ከእጄ ወሰዱና እፍ ማለት ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ፍሙ ወዲህ ወዲያ ይንሸራተታል። እኔ እፍቃለሁ፣ እሳቸው ይነፋሉ። ላቃናው እችል ነበር፤ ግን ተውኩት።

ሲያበቃ ወንዝ ዳር የለቀምኩትን ጠጠር ገፋ አደረጉና ከዚያ ጠዋት ጠዋት ከሚያነግቱት ከረጢት አንድ የጨርቅ ቋጠሮ አወጡ። ገበጣውን ለጎረቤት ልጆች ሲሰጡ ጠጠሮቹን ግን መስጠት አቅቷቸዋል። ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ከሚስታቸው እጅ ሲገቡ ሲወጡ የኖሩ ጠጠሮች ናቸው።

«የአፍ መፍቻሽ ነው» አሉኝ። «ሌላ የለኝም።»

ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከዚያ በኋላ ያልተናገርነው የለም። እሳቸው ስለ ሚስታቸው ያወሩልኛል፤ ጠጠር በቀሚሷ እጅጌ እየደበቀች ስንት ክረምት እንዳሸነፈቻቸው እየነገሩኝ ይስቃሉ፣ ከዚያ «ተራሽ ነው» ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ ነበረባቸው። ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሲደርስ ጨዋታው አያልቅም። የእኔ ጠጠር ተሟጥጦ ሳለ ሊበሉ የሚችሉትን ጠጠር ትተው ሌላ የማይረባ ያነሳሉ። ከዚያ ጠጠሮቹን እንዳሉ በጋቢያቸው ጫፍ ይሸፍኑና፣ ማንም እንዳይነካው፣ ነገ እንቀጥላለን ብለው ለሰላት ይነሳሉ። የእርጅና ዓይን ነው ብዬ አዝንላቸው ነበር።

መስከረም ገባ፣ ወንዙ ጎደለ። ሰይድ ቃሉን ሊጠብቅ በቅሎ ጭኖ በር ላይ ቆመ። ሽማግሌው ከመደባቸው ሳይነሱ፣ ጨዋታ ይዘናል፣ ስንጨርስ አሉት። ኖሩም፤ ዘሃራ ተወልዳ ጠጠሩን ወደ አፏ ስትከት ከእጇ እየነጠቁ፣ እዚሁ እኛ ቤት እስኪሞቱ ኖሩ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ዘሃራ ቀና አላለችም። «ጠጠሮቹስ?» አለች በመጨረሻ። ከሣጥኔ ቋጠሮውን አወጣሁላት። አልጋው ላይ ዘርግፋ፣ እንዳልኳት በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት አደረገች። አጨዋወቱን አንድ ጊዜ ባሳያት ገባት፣ ብዙም ሳትቆይ ትበላኝ ጀመር። ጠጠር በእጇ እንደያዘች፣ «እማ፣ እዚያ የሠራሁበት ቤት በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም» አለች። ተራሽ ነው አልኳት። ተራዋን ተጫውታ ሌላም ተናገረች፤ እሱ የእሷና የእኔ ነው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከቀትሩ ዙህር ሰላት በኋላ እንቀመጣለን። ሻንጣዋ ዛሬም አልተፈታም፤ ደላላውም ይደውላል። ትናንት መግሪብ ሊል ሲል አንድ ጠጠር ባነሳ የእሷ ሁሉ ተጠራርጎ ጨዋታው ሊያልቅ ነበር። አየሁት። ትቼው ሌላ አነሳሁ።

ዘሃራ ሳቀች። «እማ፣ ዓይንሽ ደከመ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ ልጄ፣ ደክሟል» አልኳትና ሻሼን አውልቄ ገበጣውን ሸፈንኩት።