ከሥዕሉ ሥር የበራችው መብራት

ብርሃንን ከጨለማ የለየ፣ ለፀሐይ ቀኑን ለጨረቃ ሌሊቱን ያደለ አምላክ ስሙ የተቀደሰ ይሁን። በእርሱ ስም ጀምሬ፣ በዘንድሮው በጋ በጭነት መኪናችን ላይ የሆነውን እጽፋለሁ። የፊት መብራት ነገር ነውና ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል፤ ልጄን በጨለማ መንገድ የሚመራው ግን ያው ትንሽ ነገር ነው።

በልጅነቴ ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። ኋላ ኑሮ ወደ አዳማ አወረደኝና መሪ ጨበጥሁ፤ ዕድሜዬንም በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ፈጀሁት። አሁን ዓይኔ ስለ ደከመ የሚነዳው ልጄ ነው፤ ከሞጆ ማዶ ካለችው ከዓለም ጤና ሽንኩርት እየጫነ ወደ አዳማ ያመጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በዚያ መንገድ መብራት የሌለው ጋሪ ከፊት ድቅን ይላል፤ አህያ ከአስፋልቱ መካከል ቆማ ታስባለች፤ ባጃጅ ከየት እንደ ወጣ ሳይታወቅ ይታጠፋል። የቀድሞው አምፖላችን ደግሞ ከጧፍ አይሻልም ነበር። ስለዚህ ልጄ ነጩን የኤልኢዲ አምፖል ሲያስገጥም እኔም ደስ ብሎኝ መረቅሁት።

ብዙ ሳይቆይ መብራቱ ነፋስ እንዳገኘው ጧፍ ይርገበገብ ጀመር። በዳሽቦርዱ ላይም «አምፖል ተቃጥሏል» የምትለው ቢጫ የማስጠንቀቂያ መብራት በርታ አልጠፋ አለች። አምፖሉ ግን አልተቃጠለም። ልጄ ይህን ሁሉ ደበቀኝ።

የሰማሁት ሽንኩርቷን ከሚጭንላት ደንበኛው ነው። ይህች የዓለም ጤና ገበሬ አንድ ማለዳ ከጭነቷ ጋር በጋቢናችን ተሳፍራ መጥታ ከደጃችን ወረደች። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ እጄን ያዘች።

«አባቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገለጥላችሁ ለምን ደበቃችሁን?»

«ምን ተገለጠልን?»

«የሰማዕቱ ሥዕል ነዋ! ዙሪያውን ብርሃን ከቦታል። ከሞጆ ወዲህ ሳማትብ ነው የመጣሁት።»

ልጄን አየሁት። አጎንብሶ ጎማውን ይመረምራል፤ ጎማው ግን ምንም አልሆነም።

ሞተሩ ገና አልጠፋም ነበርና ወደ ጋቢናው ወጣሁ። እንደ ብዙ ሹፌሮች ልማድ የፈረሰኛውን ሰማዕት ሥዕል ከመስታወቱ በላይ ለጥፈን ነበር። አሁን ከዚያ ወርዶ ከመሪው ኋላ፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው አጠገብ ተለጥፏል። በእውነትም በጠርዙ ዙሪያ ወርቅ የመሰለ ብርሃን ይታያል። አማተብሁ፤ ተሳለምሁት። ከዚያም ጠርዙን በጥፍሬ ገለጥ ባደርገው፣ ቢጫዋ መብራት ከሥሩ ቦግ ብላ አየችኝ።

ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ ተመለከተችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ውይ አፈር ስሆን! ለአምፖል ነው እንዴ ያን ሁሉ ያማተብሁት?»

«ያማተብሽው በሥላሴ ስም ነው፤ ከንቱ አይቀርም» አልኋትና ወደ ልጄ ዞርሁ። «አንተስ?»

«አባዬ፣ መብራቷ እያየችኝ መንዳት ቢያስጨንቀኝ ነው። ደግሞም ሰማዕቱ ይጠብቀኛል።»

«ይጠብቅሃል። ግን መብራት አብርቶ ከዕንቅብ በታች የሚያኖር የለም እየተባልህ አድገህ፣ አንተ ከቅዱስ ሥዕል በታች ታኖራለህ? ሰማዕቱን ጠብቀኝ ትለዋለህ ወይስ ዓይኔን ሸፍንልኝ?»

የሴትዮዋ የቀረው ሽንኩርት ደግሞ ተነቅሎ፣ በጆንያ ሆኖ ከማሳው ዳር ተደርድሯል፤ ከቀትር በኋላ ጭኖ ሲመለስ መሸት ይልበታል። ካልሄደ ሽንኩርቱን ፀሐይ ይመታዋል፤ እርሱም ደንበኛውን ያጣል። ከሄደ ደግሞ በዚያ በሚርገበገብ መብራት በጋሪዎቹ መካከል ሊመጣ ነው። ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትሁ።

«ይህች መብራት በራሷ እስክትጠፋ ድረስ ቁልፉ ከዚህ አይወጣም።»

«አባቴ፣ ሽንኩርቴ ሜዳ ላይ ነው እኮ!» አለች ሴትዮዋ።

«አውቃለሁ ልጄ። እግዚአብሔር ካለ ዛሬ ይጫናል።»

እርሷ በሌላ መኪና ወደ ማሳዋ ተመለሰች። እኛ ወደ መልካሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር የሚሠራ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ሄድን። የቆየ ወዳጄ ነው፤ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አማኝ ነው፤ ስንገናኝ ሳንተራረብ አንለያይም።

«አካም ቡልተኒ፣ አባባ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበለኝ። ነገሩን ሲሰማ በካቻቢቴው ጭኑን እየመታ ሳቀ። «እኛ ጴንጤዎች ሥዕል ስለሌለን እንዲህ ያለውን መብራት የምንሸፍነው በፕላስተር ነው።»

«ያስ ኃጢአት አይደለም?»

«ኃጢአትማ ነው አባባ፤ ግን ለፕላስተሩ የሚሰግድለት የለም።»

ከሳቃችን በኋላ እንዲህ ብሎ አስረዳን። የመኪናው ኮምፒውተር አምፖሉ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚስብ ይለካል። የድሮው አምፖል ብዙ ይስባል፤ አዲሱ ጥቂት ይበቃዋል። ኮምፒውተሩም ይህን ሲያይ ተቃጥሏል ብሎ ይጮኻል፤ «አለህ ወይ?» እያለም ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየላከ ይጠይቀዋል። የድሮው አምፖል ቀርፋፋ ነበርና ጥያቄው አይታይበትም፤ አዲሱ ፈጣን በመሆኑ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ብልጭ ይላል። መድኃኒቱ ከአምፖሉ ጎን ሪዚስተር የሚሉትን ኤሌክትሪክ የሚበላ ዕቃ አስሮ ስበቱን እንደ ድሮው ማድረግ ነው።

ጊዜ እንዳናጣ ብሎ ሶኬቱንም፣ ፊውዙንም፣ ገመዱንም በአንድ ጊዜ ሊለዋውጥ ተነሣ። እኔ እጁን ያዝሁት። መምህሮቻችን ንባቡ ሲጠብቅባቸው አንዱን ፍች ይሰጣሉ፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላውን ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱም ለብቻው ይመዘናል። ሁሉን በአንድ ላይ ያፈሰሰ ተማሪ የትኛው እንደ ፈታለት አያውቅም። «አንዱን ቀይር፤ አብርተን እንይ፤ ካልሆነ አንድም እንላለን» አልሁት።

«ዛሬ አንድምታ ልታስተምረኝ ነው የመጣኸው በለኛ» አለ፤ ሥራ ሲሞቅ አንቱታውን ይረሳዋል፤ እኔም አልቀየምም። ሪዚስተሮቹን አምጥቶ ከመኪናው ብረት ጋር በብሎን አሰራቸው፤ ሲሠሩ እንደ ምጣድ ስለሚግሉ ከፕላስቲክና ከገመድ አጠገብ አይታሰሩም። ቁልፉን ሰጥቼው አስነሣ። ቢጫዋ መብራት ጠፋች። የቀኙ መብራትም ጸና። የግራው ግን መርገብገቡን አልተወም፤ ሞተሩ ሲርገፈገፍ ይብስበታል።

ባለሙያው ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ሲመልስልኝ የልጄ ስልክ ጮኸ። ሴትዮዋ ናት፤ ሌላ የጭነት መኪና ከማሳዋ ዳር ቆሞ ልጫንልሽ እያላት ነው። ልጄ ስልኩን ዘግቶ እጁን ዘረጋልኝ።

«አባዬ፣ ያሉት ቢጫዋ እስክትጠፋ ነበር። ጠፍታለች። ቁልፉን ይስጡኝ።»

እውነቱን ነበር፤ ቃሌ ያው ነበረ። ልጅ አባቱን በቃሉ ሲይዘው መልስ ማግኘት ይከብዳል። ቁልፉን መልሼ ኪሴ ከተትሁ።

«መብራቷ የጠፋችው ሕመሙ ስለ ዳነ ይመስልሃል?» አልሁት ኋላ። «ቢጫዋ ጠፍታ ሕመሙ እዚያው ካለ፣ ጠዋት በሥዕል የሸፈንሃትን አሁን በሪዚስተር ሸፈንናት ማለት ነው። ለሴትዮዋ ደውልና እውነቱን ንገራት፤ መጠበቅ ካልቻለች በዚያው መኪና ታስጭን።»

ፊቱ ጠቆረ። ሆኖም ደወለና ነገራት።

አንድም አልን፤ የግራውን አምፖል ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወርን። ግራው አሁንም ተርገበገበ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም። አንድም፣ ሶኬቱ ነው አልን፤ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ባለሙያው ላቡን ጠረገ። ልጄ ከመኪናው የፊት መከላከያ ኋላ ተንበርክኮ ሲያይ ቆየና በድንገት ቀና አለ።

«ክረምት ላይ ላም የገጨሁ ጊዜ! ይህን ብረት አቅንተው ቀለም ቀቡት። የኔጋቲቩን ገመድ መልሰው ያሰሩት ከቀለሙ ላይ ነው።»

ብሎኑን ራሱ ፈታ። እንዳለው ሆነ፤ ገመዱ ብረቱን ሳይነካ ከቀለምና ከአቧራ ላይ ተቀምጧል። ባለሙያው ብርጭቆ ወረቀት አቀበለው፤ ልጄም ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገው፤ ግራሶ ቀብቶም አጥብቆ አሰረው። አበራን። ሁለቱም እንደ ሁለት ዓይን እኩል አዩን። እኔ ቁልፉን ይዘህ ሂድ ልለው ስል እርሱ፣ «ቆይ አባዬ፣ ጉድጓዳማው ላይ አንድ ዙር ልሞክረው» ብሎ ይዞ ወጣ፤ ተመልሶም አልተርገበገበም አለ። ከመሄዱ በፊት ሥዕሉን አንሥቶ፣ ስሞ፣ ከመስታወቱ በላይ ወደ ቀድሞ ቦታው መለሰው።

ሲመሻሽ ከደጄ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥሁ። ከሩቅ ሁለት ነጭ መብራቶች ሳይርገበገቡ መጡ። ጭነቱ ግማሽ ነበር፤ ሌላውን ግማሽ ያ መኪና ወስዶታል። ልጄ ከጋቢናው ወረደ።

«ከሞጆ መለስ ጋሪ ነበረ፤ ሰውየው ጥቁር ካባ ለብሷል» አለኝ ብቻ፤ «ከሩቅ አየሁት፣ አባዬ።»

ይህን ያነበብህ፣ ይህን ያነበብሽ፣ አምላከ ብርሃናት መንገዳችሁን ያብራላችሁ። ከቤታችሁ የወጣውን በሰላም ይመልስላችሁ፤ ደጃችሁ ተመላሽ አይጣ፤ በማዕዳችሁ ዙሪያ የጎደለ ወንበር አያሳያችሁ። አሜን።