ባዶውና ስህተቱ

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ካርቱም፣ አርካዊት ውስጥ ለአገራችን ልጆች ሒሳብ አስተምር ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ቁጡ ነበርኩ። በተለይ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ አንጀቴን ታሳርረው ነበር። ፈተናው ገና ሳይጋመስ ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጋ ውልቅ! ከሃያው ዘጠኝ፣ ሲሻላት አስር። "ምን ያስቸኩልሻል? ባቡር ሊያመልጥሽ ነው?" እላታለሁ፤ እሷ ግን በሩ ጋ ደርሳለች። ካርዷ ላይ "ቸልተኛ" ብዬ ጻፍኩባት።

ዓመቱ ሲያልቅ ከሚደግሙት መሃል ገባች። እናቷ መጣች፤ የወሎ ሴት ናት፣ ሰሃፋ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። "እትዬ፣ ወላሂ ከደገመች አልችልም። እንደኔው ሰው ቤት ትገባለች" አለችኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረባትም፤ ደክሟት ነበር።

አሳዘነችኝና የልጅቷን ወረቀቶች በሙሉ አወጣኋቸው። ድምሩን ትቼ ጥያቄ በጥያቄ አየሁ። ወይ ጉዴ! እስከ አስረኛው ድረስ ቢበዛ አንድ ብትስት ነው። ከዚያ በታች ባዶ። እኔ ደግሞ ያልሠራችውንም የሳተችውንም እኩል ዜሮ እያልኩ ስመዘግብ ኖሬያለሁ።

ጠርቼ ጠየቅኳት። "ተርሂሉ ሰባት ሰዓት ይደርሳል" አለች አንገቷን ደፍታ። ተርሂሉ የእናቷን አሠሪዎች ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ሚኒባስ ነው፤ የኔ ፈተና ደግሞ ሁልጊዜ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነበር። እናቷ በዚያ ሰዓት ለእመቤቲቱ ምሳ ሱቋ ድረስ ታደርሳለች፤ ልጆቹን በር ከፍቶ የሚቀበል ከጠፋ ሥራውም፣ የሚያድሩባት ክፍልም ይቀራል።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ይቆጡኛል ብዬ።"

አፈርኩ። ዳይሬክተሩን ለምኜ፣ ላልሠራቻቸው አዲስ ጥያቄዎች አውጥቼ፣ በማግስቱ ጠዋት ከደወል በፊት ፈተንኳት። ሁለት ብቻ ሳተች። እናቷ ማለፏን ስትሰማ እጄን ይዛ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ በካርቶን ያስቀመጥኳቸውን የድሮ ወረቀቶች ማገላበጥ ጀመርኩ። ምነው ባላገላበጥኩ! ከሁለት ዓመት በፊት የጣልኳት ሌላ ልጅ ወረቀት ላይም እንዲሁ፣ ከላይ ትክክል፣ ከታች ባዶ። ከወደቀች በኋላ አልተመለሰችም ነበር። አጠያየቅኩ፤ ጀሪፍ ሰፈር አንድ ቤት ልብስ ታጥባለች አሉኝ።

ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ናት። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለችኝና ቆማ አነበበችው። ከዚያ ጣቷን ባዶ የተወችው አስራ አንደኛው ላይ አሳረፈች።

"እትዬ፣ ይሄን እኮ እችለው ነበር" አለችኝ።