ረቡዕ የተፈጠሩ ከዋክብት

ያን ጊዜ ያናደደኝ ነገር ዛሬም ያናድደኛል። እኔ አርጅቻለሁ፣ ንዴቱ ግን ወይ ፍንክች!

መሐል ሜዳ ከተማ ሳስተምር ስምንተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ተማሪ ብቻ ነበረችኝ፤ የቄስ ልጅ። በሒሳብ ስንቱን ወንድ ጭጭ ታሰኝ ነበር። የሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ወር ቀርቷታል፤ አባቷም ለጋብቻ ሽማግሌ የላከውን ሁሉ «ትፈተን እስቲ» እያሉ ይመልሱላት ነበር። እንግዲህ ያቺን ሦስት ወር አርፌ ማስተማር አቅቶኝ ነው!

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንድ ቀን ከሳይንስ መጽሐፌ የአንድ ሩቅ ጋላክሲ ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። መሐሉ ላይ እንደ ቀንበር ቀጥ ያለ ብርሃን አለው፤ ከሁለቱ ጫፎቹ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዙ ክንዶች ይወጣሉ። «እዚህ ክንዶቹ ላይ ዛሬም ከዋክብት ይወለዳሉ» አልኩ፤ ብርሃኑ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ዘመን እንደሚፈጅም ነገርኳቸው። ልጅቱ ቤቷ ስትገባ ይህንኑ ለአባቷ ነገረች። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

በማግስቱ ቄሱ መቋሚያቸውን ይዘው ክፍል ድረስ መጡ። ቢቆጡ ደግ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ብርሃናት የተፈጠሩት ረቡዕ ነው» አሉኝ። «ዐርብ ሃያ ሁለቱ ፍጥረት አለቀ፣ ቅዳሜ እግዚአብሔር ዐረፈ። ሃያ ሦስተኛውን አንተ ጨመርክበት?»

«እኔ አይደለሁም አባ፣ ሳይንስ ነው።»

«ብርሃኑ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ዘመን ይፈጃል ነው ያልካቸው?»

«ብዙ ሚሊዮን ዓመት።»

«እንግዲያ የምታየው የጥንቱን ነው። ዛሬ መወለዳቸውን በምን አወቅህ?»

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። እውነታቸውን ነበር! የማውቀው የድሮውን ነው፤ «ዛሬም» የምትለዋን ከራሴ ነው የጨመርኳት።

ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በል ለልጄ አላውቅም በላት። እኔም የማላውቀው ብዙ ነው። እሷም ትማር፣ እኔም ልሂድ።» ልጅቱ ከፊት ወንበር ሆና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። በተማሪ ፊት፣ መምህር ሆኜ፣ አላውቅም ልል? ሞቼ ነው ቆሜ!

«እርስዎ ዳዊትዎን ይድገሙ፣ ሰማዩን ለእኛ ይተዉልን» አልኳቸው።

ሳቁ ቆመ። ቄሱ ልጃቸውን በዓይናቸው ጠሯት፤ ደብተሯን ሰብስባ ተከትላቸው ወጣች። በኋላ ለእርቅ ሽማግሌ ብልክ፣ «ራሱ ይምጣና ያቺን ቃል ይበል» ብለው መለሱልኝ። ኩራቴ አላስኬድ አለኝ! ዛሬ ነገ ስል ፋሲካ አለፈ፣ ልጅቱም ተዳረች።

በዓመቱ ገበያ ውስጥ የበግ ጠጉር ስትሸጥ አገኘኋት። ብድግ ብላ እጅ ነሳችኝ።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «እርስዎ የማያውቁት ነገር እንደሌለ እኔ አላጣሁትም። ግን ስለ እኔ ሲሉ ያን ቀን «አላውቅም» ብለው አንዲት ውሸት ቢዋሹልኝ ምን ነበረበት?»

ውሸት እንዳልነበረች እንኳ አልነገርኳትም።