ቡፌ ውስጥ የተቆለፈ ትንፋሽ

ቀልዴን አይደለም፤ እናቴ ትንፋሼን ቡፌ ውስጥ ቆልፋበት ነበር። አምቦ ውስጥ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ አስም እንዳለብኝ ሲታወቅ ሐኪሙ በአፍ የምትሳብ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ፓፍ የምንላትን። እናቴ ግን «ፓፍ የጀመረ ሰው ሱስ ይሆንበታል» የሚል ወሬ ከገበያ ይዛ መጣች። ስለዚህ ፓፏ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ኋላ ገባች፤ ቁልፉ እናቴ አንገት ላይ ተንጠለጠለ። ከንፈሬ ካልጠቆረ ቡፌው አይከፈትም።

ዘመድ አዝማዱ ደግሞ በሽታው ብርድ ነው ባይ ነበር። መስኮት ተዘጋ፤ ጋቢ ተደረበ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ታጠንኩ። ጭሱ ደረቴን ሲያፍነኝ «እየወጣልሽ ነው» ይሉኛል። ሙቀቱ ያድናታል ተብሎም ባኮ፣ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። የደረስኩት በቆሎ በሚፈለፈልበት ሰሞን ነው። የበቆሎ አቧራ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የኦሎምፒክ ሯጭ ነበርኩ።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሃል ለብቻዬ መዘመር። ወጣቱ የመዘምራን መሪ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በልምምድ ላይ ሲያፍነኝ አይቶ የአስም ሰው ሳንባ ዝማሬ አይችልም ብሎ ከኋላ ረድፍ አቆመኝ። አፌን ብቻ እንዳንቀሳቅስ፣ ድምፅ እንዳላወጣ። ይህንን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በጣም ብሶብኝ ጤና ጣቢያ ተወሰድኩ። ነርሷ መጀመሪያ በመድኃኒት ትንፋሼን መለሰችልኝ፤ ከዚያ የቁልፉን ነገር ከእናቴ ስትሰማ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሱስ የመሰለዎት ሕመሙ ስለሚመላለስ ነው» አለቻት። «ፓፏ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ትከፍታለች እንጂ ሱስ አታስይዝም።»

በየቀኑ የምወስደው መከላከያ ተጨመረልኝ፤ ጭሱም ይቅር ተባለ። ቤት ስንገባ እናቴ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ከወራት በኋላ ደረቴ ቀለለኝ። መሪውን ፈትነኝ እያልኩ አሰለቸሁት፤ በመጨረሻ ለብቻዬ እንድዘምር እሺ ያለኝ ባኮ ላይ ለተጠራው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነው። አዎ፣ ለዚያችው ባኮ። እናቴም አብራን ሄደች።

ተራችን ደርሶ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ አቧራው ደረቴን ያዝ አደረገኝ። ፓፌን በድብቅ ልስብ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ሰዉ መለሰችኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ያስደብቅሻል?» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ለቆመው ሁሉ፣ «ልጄ አስም አለባት። አይጋባም፤ ይቺም ሱስ አይደለችም። መድኃኒቷን ወስዳ ትዘምራለች።»

የሚያገባት ይጠፋል ብላ ከጎረቤት እንኳ ስትደብቀው የኖረች ሴት ናት ይህንን የምትለው።

በሰው ፊት ሳብኩ። ትንፋሼ ሲመለስ ወጥቼ ዘመርኩ። የመጨረሻውን ስንኝ እስክጠግብ ድረስ ሳብኩት፤ ስንኙን ሊያጅበኝ አብሮኝ የጀመረው መሪ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ተወኝ። እኔ ዞሬ አላየሁትም። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው እናቴ ግን አይታዋለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር።